ስልክ ሲያርም የጠፋው መስመር

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ምንተስኖት ይባላል። በአንዲት ክሊኒክ የሕሙማንን መዝገብ ይይዛል። እዚያ ወረቀት ብሎ ነገር የለም፤ መዝገቡ በሙሉ የተቀመጠው ደመና በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚከፈት ማከማቻ ነው። በእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ውስጥ «የግል መረጃ» የሚባል ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ስልኩ፣ ሰፈሩና የማይስማማው መድኃኒት ተጽፏል።

አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የጉሊት ነጋዴ ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ። ስልካቸው ተቀይሯል። ምንተስኖት «በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስልክ ብቻ ለውጥ» ብሎ ማዘዝ ሲገባው፣ አዲሱን ቁጥር ብቻ የያዘ ሌላ ሳጥን ሠርቶ ላከ። ማሽን ምን ያውቃል? አሮጌውን ሳጥን ከነምናምኑ ጥሎ አዲሱን አስቀመጠ።

ነርሷ ሲስተር ዘነበች ለጉሮሯቸው የታዘዘውን የፔኒሲሊን መርፌ አዘጋጅታ መዝገቡን ከፈተች። «የማይስማማ መድኃኒት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ባዶ ከሆነማ ምንም የለባቸውም ብሎ ይወጋ ነበር። በዚያ ክሊኒክ ግን ምንም ለሌለበት ሰው እንኳ «የለም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ባዶ አይተውም። ሲስተር ደነገጠች።

«እትዬ አስካለ፣ ፔኒሲሊን ተወግተው ያውቃሉ?»

«ኧረ በማርያም! አምና እኮ ፊቴን አሳብጦ ትንፋሼን ቀጥ ሊያደርገው ነበር። እዚሁ አስጽፌያለሁ!»

ሲስተር መርፌውን አስቀመጠች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርቤ ይህን ሲሰሙ ጦፉ። «ሰው ሊገድል ነበር! አሁኑኑ ይባረር። ስድስት ዓመት ሠራ አልሠራ አያገባኝም!»

ምንተስኖት ፊቱ አመድ መሰለ። «ስልኩን ብቻ የቀየርኩ መስሎኝ...» አለ።

ሲስተር ዘነበች ቀና አለች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ ምን ነበር?»

«አንድ መስመር አርማለሁ ብሎ ሳጥኑን በሙሉ ጣለዋ!»

«ታዲያ እርስዎ አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

አቶ ደርቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይሄኔ ወይዘሮ አስካለ ጣልቃ ገቡ። «እኔ እንደሆን አልሞትኩ! ይልቅ ለዚህ ልጅ ውሃ ስጡት፤ ሊወድቅብን ነው።»

ምንተስኖት አልተባረረም። የጠፋውን ሁሉ ከትናንቱ የመጠባበቂያ ቅጂ አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲያርም እስከዚያች መስመር ድረስ ያለውን መንገድ፣ የቱ ሳጥን የቱ መስመር እንደሆነ፣ ለይቶ ይጽፋል፤ ሲጨርስም መዝገቡን መልሶ ከፍቶ ያያል።

ወዳጆቼ፣ ጥፋት በዝምታ ይታለፍ አላልኩም፤ ይታረም። የምናርመው ግን ጥፋቱን ይሁን። እኛ ደግሞ ሲበዛ ችኩሎች ነን፤ አንድ ሰው ክፉ ቃል ከአፉ ቢያመልጠው የስንት ዓመት ደግነቱን አብረን እንጥላለን። በአንድ ስህተቱ ምክንያት ከልባችሁ ጨርሶ የሰረዛችሁት ሰው ማን ነው? ሳጥኑ ውስጥስ ሌላ ምን ነበረ?