የተለጠጡት ሥዕሎች

አንድ ዘውገ የሚባል የኮርስ አዘጋጅ ነበረ። ሥራው ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በስልክ የሚታይ ትምህርት ማሰናዳት ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በድምፅና በሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከተበላሸ ትምህርቱም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ዘውገ በሥዕል ነገር ቀልድ አያውቅም።

ሥዕሎቹን የምትሠራለት ስንዱ የምትባል ወጣት ነበረች። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለሚያዘጋጀው ኮርስ አይከን የሚባሉ ትንንሽ ሥዕሎች ሣለችለት፤ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ የሚስቅ ሕፃን። ዘውገ ወደ ኮርስ ማዘጋጃው ሶፍትዌር ሲያስገባቸው ግን ሁሉም ተለጥጠው ቁጭ አሉ። ኩባያው ጠርሙስ መሰለ። የሕፃኑ ፊት ሾጠጠ፤ ሳቁም ለቅሶ ሆነ። ሥራው የሚረከብበት ቀን ደርሶ ነበርና ዘውገ ደሙ ፈላ። ስልኩን አንስቶ ደወለላት።

“ስንዱ፣ ይሄ ሕፃን ነው ወይስ ቅል?”

“ምነው ጋሽ ዘውገ? እኔ ጋ እኮ ደህና ነው። እስቲ መጥቼ እርስዎ ጋ እንዴት እንደሚታይ ልየው።”

“መጥተሽ ምን ልትጨምሪ? ክብ መሣል ሳትችይ ሠዓሊ ነኝ ማለትሽ ነው የገረመኝ!”

ስንዱም “እሺ፣ ጋሽ ዘውገ” ብላ ስልኩን ዘጋች።

ዘውገ እየተራገመ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየጎተተ እንደምንም አስተካከላቸው። ዳግመኛ አልደወለላትም። ሥራ ሊሰጧት ፈልገው ስለ እሷ የሚጠይቁትንም “እጇ ገና ነው” እያለ መለሳቸው። እነሱም ቃሉን አምነው ሳይቀጥሯት ቀሩ።

ከወራት በኋላ ሌላ ኮርስ ሲያዘጋጅ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሱን ፎቶ አስገባ። አገጩ ወደ ደረቱ ወርዶ፣ ግንባሩ ሽቅብ ተስቦ ታየው። ዘውገ ክው አለ። የራሱን ፊት “ማን ነው የሣለው?” ሊል አይችልም።

ያን ጊዜ ነው መመርመር የጀመረው። በገጾቹ ላይ ሥዕል የሚገባባቸውን ሳጥኖች ድሮ ያዘጋጃቸው እሱ ራሱ ነበር፤ ጠባብና ረጃጅም አድርጎ፣ የሚገባው ሥዕል ሁሉ ተለጥጦ ሳጥኑን እንዲሞላ ሶፍትዌሩን አዝዞት ነበር። ትእዛዙን ቀየረው። ፊቱ ወደ ልኩ ተመለሰ። የስንዱን የድሮ ሥዕል ፈልጎ ሲያስገባው፣ ሕፃኑ በክብ ፊቱ ሳቀበት።

ዘውገ ደወለላትና ምንም ሳይደብቅ ነገራት። “በድዬሻለሁ፣ ልጄ” አላት።

“ይቅር ብያለሁ፣ ጋሽ ዘውገ።”

“እንግዲያው ተመለሺ፤ ሥራ አለ።”

“አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክብ ልጀምር ስል እጄ ይጠራጠራል። አሁን አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው።”

ዘውገ ስሟን ወዳጠፋባቸው ሰዎች ሄዶ ጥፋቱ የራሱ እንደነበር ተናገረ። አንዳንዶቹ አዘኑ። አንዳንዶቹ ግን ስንዱ ማን እንደሆነች እንኳ አላስታወሱም።

ወገኖቼ፣ የሰው ሥራ ጠማማ መስሎ ሲታየን መጀመሪያ እኛ ያስገባንበትን ቦታ እንመርምር። “መጥቼ ልየው” የሚለንንም ሰው በር አንዝጋበት። ሳጥን በአንድ ንክኪ ይስተካከላል፤ በሰው እጅ ላይ የዘራነው ጥርጣሬ ግን ይቅርታ ከተባለም በኋላ አይለቅም።

እናንተስ፣ መጥታ እንድታይ ያልፈቀዳችሁላት ስንዱ ትኖር ይሆን? ካለች ዛሬውኑ ደውሉላት፤ ምናልባት እስካሁን መሣሏን አልተወችም ይሆናል።