ዓለምን የሚገለብጠው መነጽር

ከኮረብታ ሥር በተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊት ከተማ፣ ከመስጊዱ ደጃፍ ወደ ገበያ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር፣ አሮጌ የነሐስ ዕቃ እየገዙ የሚሸጡ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ገበያ ገዢ ሁሉ የዕቃውን እንከን እየደረደረ ዋጋ ያወርዳል። ሐጂ ግን የዕቃውን መልካምነት ለባለቤቱ ሳይናገሩ ገዝተው አያውቁም።

ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበር። የሻዕባን ወር ሲያልቅ ኮረብታው ላይ ወጥተው ጾም የምታስገባውን የረመዳንን ጨረቃ ይጠብቃሉ፤ ቃዲውም የእሳቸውን ምስክርነት ይቀበላሉ። ባለፈው ዓመት ግን ሰው ሁሉ «ያቻት! ያቻት!» ሲል ለእሳቸው ጭጋግ ብቻ ታያቸው። «እኔ አላየሁም» ብለው በትራቸውን ተደግፈው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በየሱጁዳቸው የሚለምኑት ነገር ቢኖር ከመሞታቸው በፊት ያችን ቀጭን ጨረቃ አንዴ እንዲያዩ ነበር።

ሻዕባን ሊያልቅ ሲል፣ ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በሻሽ የጠቀለለችውን ነገር ይዛ መጣች። ስትፈታው ክንድ የሚያህል የነሐስ ቱቦ ወጣ። በሁለቱም ጫፍ መስታወት አለው።

«የሟቹ ነው፣ አባ፤ አላህ ይማረውና። ሲመሽ ሰማይ ሰማይ ያይበት ነበር። ግድግዳዬ ተንዷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ላሠራ ብዬ ነው። ግን አልዋሽዎትም፣ ሰባራ ነው። ሁሉን ነገር ገልብጦ ያሳያል።»

የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት አወል ብቅ አለ። «እኔም አይቼበታለሁ! ሚናራውን በአናቱ ተክሎ አሳየኝ፤ አስተግፊሩላህ! እንደ ተራ ነሐስ በሚዛን ልውሰድልሽ ብላት ኮራችብኝ።»

«በአመድና በሎሚ ፈትጌ ላምጣው ብዬም ጀምሬ ነበር» አለች ሉባባ እያፈረች።

«ተይው!» አሉ ሐጂ ደንግጠው። «ይህ ጥቁረት ዕድሜው ነው። ከፋቅሽው ምስክሩን አጠፋሽበት።»

መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው መረመሩት፤ ስንጥቅ የለበትም። በቀለበቱ ዙሪያ የሠሪው ስም በቀጭኑ ተቀርጿል። ከዚያ ወደ ኮረብታው አነጣጥረው ቱቦውን ቀስ ብለው ሳቡት። ሥሩ ወደ ሰማይ የሆነ የወይራ ዛፍ ታያቸው፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለየ። ቅጠል ለይተው ካዩ ስንት ዘመናቸው!

ምን እንደሆነም ያውቁታል። ሐጅ በሄዱበት ጊዜ የሶላት ሰዓት የሚጠብቁ አንድ የተማሩ ዓሊም እንዲህ ያለውን የሩቅ ማያ መነጽር አሳይተዋቸው ነበር። «ለሰማይ የተሠራ ነው» ብለዋቸው ነበር። «ኮከብ ላይና ታች የለውም። ምስሉን የሚያቀና መስታወት ቢጨመርበት ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ሠሪው ሆን ብሎ ነው የተወው።»

አወል ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ሐጂ፣ ዝም ይበሉ። ሰባራ ነው ያለችው ራሷ ናት። እርስዎም የሚፈልጉት ለዒባዳ ነው፤ የጾሙን ጨረቃ ለማየት!»

ሐጂ መነጽሩን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀረጸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱ። ሉባባ ጣቶቿን አቆላልፋ ትጠብቃለች።

«አወል፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ጨረቃን ሰርቄ ልያት ነው የምትለኝ?»

ወደ ሉባባ ዞረው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሯት። «ሰባራ አይደለም፣ ልጄ። ሱቄን ከነዕቃው ብሸጠው ዋጋውን አይሞላልኝም። በወደቡ ከተማ የከዋክብት ዕውቀት ያላቸው ሼህ አሉ፤ የሚገባውን ይከፍሉሻል። ሲራራ ነጋዴዎቹ ጾሙ እንደገባ ሲነሱ ከታመነ ሰው ጋር እልክልሻለሁ።»

ሉባባ እንባዋ ወረደ። «ባሌን ሰው ሁሉ እኮ እብድ ነበር የሚለው።»

«የያዘውን የሚያውቅ ሰው ነበር።»

ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «እስከዚያ ግን የኔ ነው፣ አይደል? እንግዲያው የጨረቃዋ ዕለት ይዤው አብሬዎት እወጣለሁ። እምቢ ካሉኝ እቀየምዎታለሁ!»

ሐጂ ሳቁ።

በቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቃዲው፣ ከአወልና ከከተማው ሰው ጋር ኮረብታው ላይ ቆሙ፤ ጨረቃዋን ግን በባዶ ዓይን ያያት አልነበረም። ሐጂ መነጽሩን ወደ ምዕራብ አስተካክለው «ባለቤቷ ትቅደም» አሉ። ሉባባ ጎንበስ አለች። «አየኋት! እንደ ተደፋ ሳህን ናት፤ ቀንዶቿ ወደ ታች!»

ሐጂ ዓይናቸውን አስጠጉ። ነገር ግን እንባቸው ቀድሞ ሞላ፤ ጠርገው እስኪመለሱ ደመና አድማሱን ሸፍኖታል።

«ሐጂ፣ አዩ?» አሉ ቃዲው።

«አየሁ ይበሉ እንጂ!» አለ አወል በሹክሹክታ። «ወጥታለች እኮ!»

«እንባ ጋረደኝ፤ እኔ አላየሁም» አሉ ሐጂ። «እሷ ግን አይታለች። መነጽሩ ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ የፈጠረች ቢሆን ኖሮ የጨረቃዋን ቀንዶች ወደ ላይ ታደርጋቸው ነበር።»

ቃዲው ቃሏን ተቀበሉ፤ ከተማዋ በሉባባ ምስክርነት ጾመች።

ሲወርዱ ሉባባ ክንዳቸውን ደግፋ «ምነው አባ፣ ቀድመው ባዩ ኖሮ» አለች።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ዓይን የሚታመመው ማየት ሲያቅተው አይደለም። ያላየውን አየሁ ሲል ነው።»

ባለቤቱ የማያውቀውን የዕቃውን ዋጋ ማወቅ አማና፣ ማለትም አደራ፣ መሆኑን ብዙዎቻችን እንረሳለን። ሐጂ ያንን አማና በሱቃቸው ውስጥ መለሱ፤ ይህ እንኳ በቂ በሆነ ነበር። ይልቅ ልብ የሚነካው የኮረብታው ፈተና ነው፤ «አየሁ» ቢሉ ማንም አይጎዳም ነበር፣ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ዱዓቸው ሳይሰማ ቀረ የሚል ይኖር ይሆናል። ግን ያች ሴት ጨረቃዋን አይታ ስትጮህ ከጎኗ የቆሙትን ሽማግሌ በደስታ የበራ ፊት ያዩ ሰዎች እንደዚያ አላሉም።