የትርንጎ መቀርቀሪያ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የቸኮላችሁ ቆማችሁም ቢሆን ስሙ፣ ትርንጎም መቀመጥ አልሆነላትም።

ትርንጎ አሥራ አንድ ዓመት ከመናኸሪያው አጥር ሥር ኖራ፣ በዚህ ክረምት ክፍል ደረሳት። ጎዳና ላይ የነበሩ ሰዎች ቋሚ ቤት እስኪያገኙ የሚቆዩበት ነው። ክፍሉ ያምራል። መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፣ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ በሩም ቁጥር አለው። የጎደለው ከውስጥ መዝጊያ ነው። አናጢው ጋሽ ጫንያለው ዕድሜ ልኩን የእህል መጋዘን በር የሠራ ሰው ነውና፣ እጁ እንደለመደ መቀርቀሪያውን ሁሉ በውጭ በኩል መታው። እህል ከውስጥ አይዘጋማ።

ታዲያ ያለፈ ያገደመው ይከፍታል። ዘበኛው ሰው ሊቆጥር ይከፍታል፣ ጎረቤት ተሳስቶ ይከፍታል። ትርንጎ ፈራች። ተቀምጣ ትነሳለች፣ ተኝታ ትባንናለች። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። «እስከ ቅዳሜ ካልተሠራልኝ ወደ አጥሬ እመለሳለሁ» አለች። «እዚያ የሚመጣውን ከሩቅ አየዋለሁ። እዚህ የማየው ከገባ በኋላ ነው።»

ወደ አናጢው ሄዳ መቀርቀሪያውን ወደ ውስጥ እንዲያዞርላት ለመነችው። ፎርማኑ ሳያዝ መዶሻ አላነሳም አላት። ፎርማኑ ካላዘዘ አናጢው አይመታ፣ አናጢው ካልመታ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ትርንጎ አታርፍ።

ወደ ፎርማኑ ሮጠች። እሱም ፕላኑ ላይ ያልተሳለ ምስማር አላስመታም አላት። መሐንዲሷ ካልሳለች ፎርማኑ አያዝ፣ ፎርማኑ ካላዘዘ አናጢው አይመታ፣ አናጢው ካልመታ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ትርንጎ አታርፍ።

ወደ መሐንዲሷ ሮጠች። ደግ ልጅ ናት፤ ክፍሎቹን ስትነድፍ የሚገቡባቸውን ሰዎች አማክራ ነበር። ስለ መስኮቱ ጠይቃ፣ ስለ ቀለሙ ጠይቃ፣ መቀርቀሪያውን ዘነጋችው። አፈረች። ቢሆንም የጸደቀ ፕላን ያለ ደብዳቤ አይነካም አለች። ጸሐፊው ካልጻፈ መሐንዲሷ አትስል፣ መሐንዲሷ ካልሳለች ፎርማኑ አያዝ፣ ፎርማኑ ካላዘዘ አናጢው አይመታ፣ አናጢው ካልመታ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ትርንጎ አታርፍ።

ወደ ጸሐፊው ሮጠች። ጸሐፊው ሻዩን እያማሰለ፣ የመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ያልፈረመበትን አልጽፍም አላት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድ ነው፤ እሱ ማታ ቤቱ ገብቶ ይቆልፋል። ሰብሳቢው ካልፈረመ ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጸሐፊው ካልጻፈ መሐንዲሷ አትስል፣ መሐንዲሷ ካልሳለች ፎርማኑ አያዝ፣ ፎርማኑ ካላዘዘ አናጢው አይመታ፣ አናጢው ካልመታ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ትርንጎ አታርፍ።

ሰብሳቢው አቶ ወንድይፍራው ዘንድ ሁለት ቀን ደጅ ጠናች። ዓርብ ጠዋት ሲያገኛት፣ ዓይኔ ያላየውን አልፈርምም አላት።

«እንግዲያው ይምጡና ይዩ» አለችው።

መጣ። ዝናቡ ይወርዳል። ግቢው መግቢያ ላይ አዳልጦት ቦይ ውስጥ ገባና እስከ ወገቡ ራሰ። ትርንጎ አዘነችለት። ጋቢዋን ሰጥታው፣ ሱሪውን አውልቆ እንዲጨምቅ ክፍሏን ለቀቀችለትና ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች።

ሰብሳቢው መጣ ሲባል ማን ይቀራል? አናጢው መዶሻውን ይዞ ሮጠ፣ በሩን ብርግድ አደረገው። ሰብሳቢው ጋቢውን አፈፍ አደረገ። ፎርማኑ አናጢውን ፍለጋ መጣ፣ ብርግድ። መሐንዲሷ ሜትሯን ይዛ መጣች፣ ብርግድ፤ ዓይኗን ሸፍና ተመለሰች። ጸሐፊው መዝገቡን ታቅፎ መጣ፣ ብርግድ። ትርንጎ ልታስቆማቸው ትችል ነበር። ግን በሯን ሲከፍት ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ፣ ዝም አለች።

በመጨረሻ ሰብሳቢው በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። ከውስጥ ድምፁ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እንዲህ ሆነሽ ስንት ቀን ቆየሽ?»

«ዘጠኝ ቀኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዴት አስቻለሽ?»

«መች አስቻለኝ።»

ሰብሳቢው አየ። አይቶም ጋቢውን እንዳገለደመ ፈረመ። ሰብሳቢው ሲፈርም ጸሐፊው ጻፈ፣ ጸሐፊው ሲጽፍ መሐንዲሷ ሳለች፣ መሐንዲሷ ስትስል ፎርማኑ አዘዘ፣ ፎርማኑ ሲያዝ አናጢው መታ። የሃያ አራቱን ክፍል መቀርቀሪያ ሁሉ ወደ ውስጥ አዞረው፤ ከትርንጎ በር ጀመረ።

ትርንጎ ገብታ ቀረቀረች። ከፈተች፣ ደግማ ቀረቀረች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በቀትር ብርሃን ጋደም አለች። ማንም ሳይቀሰቅሳት ተኛች።

በማግስቱ ሰብሳቢው የታጠበውን ጋቢ ይዞ መጣ። እጁን ወደ በሩ ሰደደና መለሰው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንኳኳ።

«ማን ነው?» አለች ትርንጎ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

«ወንድይፍራው ነኝ።»

«ነጠላዬን እስክለብስ ይጠብቁኝ» አለችው። ሰብሳቢውም ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ተረቴ ይኸው ነው። የሚመልስልኝ ካለ አንኳኩቶ ይግባ።