ከሁሉ ኋላ የተሰለፈው ስህተት ነጋሪ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ እዚህ በረት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሲስተር ዘርትሁን አንዲት ቁጥር ፈለገች። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከፊቷ ተኝቷል። ኦክስጅኑ ቢያንሰው ይሞታል፣ ቢበዛበት ዓይኑ ይጠፋል፤ በግምት አይከፈትለት ነገር! በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳያት የመለኪያ ማሽኑ ስክሪን ነበር፤ ልኩ ከዘጠና ትንሽ አለፍ ያለ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ።

«ስክሪን ሆይ፣ ቁጥሩን አሳይ!»

«መለኪያው ሳይነግረኝ ምኑን ላሳይ?»

«መለኪያ ሆይ፣ ንገር፤ ስክሪኑ አላሳይ ብሏል።»

«መልእክት አድራሹ መስመር ሳይቀበለኝ ለማን ልንገር?»

«መስመር ሆይ፣ ተቀበል፤ መለኪያው አልነግር፣ ስክሪኑ አላሳይ ብሏል።»

«ሚሞሪው የሰጠሁትን ሁሉ ያበላሻል። አልቀበልም።»

«ሲስተር፣ ከንፈሩ ጠቆረብኝ!» አለች እናቱ።

«ሚሞሪ ሆይ፣ አታበላሽ፤ መስመሩ አልቀበል፣ መለኪያው አልነግር፣ ስክሪኑ አላሳይ ብሏል።»

«አንድ ክፍሌ ተበላሽቷል። ከርነሉ ደግሞ መረጃውን እዚያው ላይ ያስቀምጥብኛል።»

ከርነል የማሽኑ አዛዥ ነው፤ ድራይቨሮቹን፣ እያንዳንዱን ክፍል የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች፣ በየተራ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው።

«ከርነል ሆይ፣ እዚያ አታስቀምጥ፤ ሚሞሪው አበላሸ፣ መስመሩ አልቀበል፣ መለኪያው አልነግር፣ ስክሪኑ አላሳይ ብሏል።»

«ስህተት ነጋሪው ሳይነግረኝ በምን ልወቅ?» አለቃ ሁሉ ሲጠየቅ እንዲህ ነው።

«ስህተት ነጋሪ ሆይ፣ ተናገር እንጂ! ከርነሉ አላወቀ፣ ሚሞሪው አበላሸ፣ መስመሩ አልቀበል፣ መለኪያው አልነግር፣ ስክሪኑ አላሳይ ብሏል።»

«ገና አልተቀሰቀስኩም። ተራዬ ከስክሪኑ በኋላ ነው።»

ሲስተር ዘርትሁን ዞረች። «ይህን ተራ ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለ ቴክኒሻኑ ውብአንተ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ። «ነጋሪው የሚያመጣው ክፉ ወሬ ነው። መርዶ ደግሞ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም ብዬ… ከሁሉ ኋላ አሰለፍኩት።»

«አንተ ሰውዬ፣ መርዶ የሚነገረው ለሞተ ነው! ይሄ ገና ይተነፍሳል። አሁኑኑ ከሁሉ ፊት አድርገው!»

ውብአንተ ነጋሪውን ከፊት አመጣው፤ ማሽኑንም አጥፍቶ አስነሣ። ነጋሪው ነቃና ተናገረ። ከርነሉ ሰምቶ የተበላሸውን ክፍል ዘጋ፣ ሚሞሪው ማበላሸቱን ተወ፣ መስመሩ ተቀበለ፣ መለኪያው ነገረ፣ ስክሪኑ አሳየ።

ሰባ ዘጠኝ።

ሲስተር ዘርትሁን ኦክስጅኑን ከፈት አደረገች። ሰማንያ አምስት። ጥቂት ጨመረች። ዘጠና ሁለት። ልኩ ላይ ደርሷልና እዚያ ላይ እጇን አነሣች።

አፌን በዳቦ አብሱ ብዬ አልጮህባችሁም፤ ሕፃኑ ተኝቷል።