አህይት ወደ አፈ ጨለማ የዘለለችበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ በጠዋት ለዋና ተነሡ። «ጅብና አህያ አብረው? እንዴት ተደርጎ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በሌላ ቀን አይሆንም። አንበሳው ግን «በዋና ቀን ማንም ማንንም አይበላም፤ የበላ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ ስለ ደነገገ፣ በዓመት አንድ ቀን አራቱም ጓደኞች ይሆኑ ነበር። ጓደኝነቱ ጠዋት ይጀምራል፣ ፀሐይ ስትገባ ያልቃል።

የሚሄዱበት ወንዝ ገደል ለገደል እየወረደ ሦስት ኩሬዎች ይሠራል። የመጀመሪያው ለመንቦጫረቅ ነው። ሁለተኛው ለዋና ነው። ሦስተኛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስሙም አፈ ጨለማ ይባላል። ውኃው ከመጥቆሩ የተነሣ ታቹ አይታይም። ከበላዩ ያለው አፋፍ ደግሞ ሁለት ቀጭኔዎች ተደራርበው ቢቆሙ የላይኛዋ ጆሮ ብቻ ብቅ የሚልበት ነው። ጨዋታው እንግዲህ ከዚያ አፋፍ መዝለል ነው።

ጨዋታው ሕግ አለው፤ ያወጣችውም ቀበሮ ናት። «ያልዘለለ የሁሉንም ጓዝ ይሸከማል፤ ዘንድሮ ወደ ቤት፣ ለከርሞ ደግሞ ወደ ኩሬው።»

አህይት ሦስት ዓመት ሙሉ ተሸክማለች። ፈርታ እንዳይመስላችሁ! ጭነቱን የምታስረው ቀበሮ ስለሆነች ነው። መጫኛ ታውቃላችሁ አይደል? ጭነት የሚታሰርበት ረጅም የጠፍር ገመድ ነው። ቀበሮ ይህን መጫኛ በአህይት ሆድ ሥር ታዞረውና ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ፣ በዚያም ላይ ሌላ። አፋፉ ጋ ሲደርሱ «ፀሐይ እንዳትመታሽ እህት ዓለም» ብላ ከቁጥቋጦው ጀርባ ጥላ ውስጥ ታቆማታለች። «መጀመሪያ እኔ ልዝለልና መጥቼ እፈታሻለሁ» ትላትና ትሄዳለች። ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ ስትመለስ ግን ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፤ አንበሳውም «በሉ እንሂድ» ብሏል።

ዘንድሮ የአህይት ጀርባ ተገጥቧል። ቁስሉ ሳይሽር የአንበሳው ሰሌንና ቋንጣ፣ የጅቡ አጥንት፣ በጭድ የተጠቀለሉ የቀበሮ አሥራ ሁለት እንቁላሎች ተጭነውበታል። ተጨማሪ አንድ ዓመት የሚችል ጀርባ አልነበራትም። ዛሬ መዝለል ነበረባት፤ አለቀ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጅቡ ከኋላዋ ተጠግቶ ወሬ ጀመረ።

«እቴ አህይት፣ ኩላሊትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ጉበትሽስ? አደገ?»

«ጅቦ!» አለ አንበሳው ሳይዞር።

«ኧረ ጌታዬ፣ ጤንነቷን ነው የጠየቅሁት!»

በመጀመሪያው ኩሬ ተንቦጫረቁ፤ በሁለተኛው ዋኙ። አህይት ዳር ቆማ ጠበቀች። እኩለ ቀን ላይ አፋፉ ጋ ደረሱ። ቀበሮም እንደ ልማዷ «እህት ዓለም፣ ነይ ወደ ጥላው» ብላ ከቁጥቋጦው ጀርባ አቆመቻትና ወደ አንበሳው ሮጠች። «ጌታዬ፣ እንዴት ያለ ትከሻ ነው! ዘንድሮ ውኃው ራሱ ሳይፈራዎት አይቀርም!» ስትል ድምፅዋ ይሰማል።

አህይት ቀስ ብላ ጅቡን ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ ርቦሃል?»

«ይህ ይጠየቃል?»

«እንግዲያው ይህን ቋጠሮ አሽትተው።»

ጠፍር እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ በቅቤ ይታሻል። ለእኛ የገመድ ሽታ ነው፤ ለጅብ ግን የድግስ ሽታ ነው። አያ ጅቦ አንዴ አሽትቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቋጠሮውን ብቻ ብላ» አለች አህይት። «ከቋጠሮው ወዲህ ያለው የእኔ ቆዳ ነው።»

«ሁለቱም ቆዳ አይደሉም እንዴ?»

«አንደኛውን ከነካህ አንበሳው ይሰማል። ሌላው ግን በነፃ ነው።»

ጅቡ ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ አጎንብሶ ማላመጥ ጀመረ። አህያ ሆናችሁ የጅብ ጥርስ ከሆዳችሁ ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል አስቡት! አህይት ግን አልተነቃነቀችም። ቀበሮ ጠዋት ሙሉ የለፋችበት ቋጠሮ በአምስት ጉርሻ ጠፋ፤ ጓዙም ዱብ አለ። ከእንቁላሎቹ ሁለቱ ተሰበሩ፤ እነሱንም ጅቡ ሳይጠየቅ ላሳቸው።

አህይት ቀሪውን መጫኛ በጥርሷ ነክሳ ወደ አፋፉ ወጣች። ቀበሮ ስታያት አፏ ተከፈተ።

«ማን ፈታሽ?»

«አያ ጅቦ በላው።»

«ጥሩ ነበር» አለ ጅቡ አፉን እየላሰ። «ጨው ብቻ ነው የጎደለው።»

አንበሳው በዚህ መሐል ሁልጊዜ ከሚዘሉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጡንቻውን እያሟሟቀ ነበር። አህይት ግን አልተቻኮለችም። በመጫኛው ጫፍ ድንጋይ አሰረችና ከአንበሳው ጎን ሆና ወደ ውኃው ለቀቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አንበሳው።

«እየለካሁ ነው፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ሳቀች። «ውኃ ይለካል እንዴ? ጤፍ አደረግሽው!»

ውኃ ይለካል። ድንጋዩ ታች ሲነካ ገመዱ ይላላል፤ ሲጎትቱት የረጠበው ክፍል ስንት እንደሆነ ያያሉ፤ ያ ነው ጥልቀቱ። አህይት ገመዱን ጎተተችና ደነገጠች። የረጠበው የጉልበቷን ያህል ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ አይዝለሉ!»

አንበሳን «አትዝለል» ብሎት የሚያውቅ አልነበረም።

«አባቴ ከዚህ ድንጋይ ነው የዘለለው» አለ አንበሳው በቀስታ፤ ቀስታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል።

«አባትዎ የዘለሉበት ውኃ ሄዷል፣ ጌታዬ። የክረምቱ ጎርፍ ጠጠሩን አምጥቶ እዚህ ደፍቶታል። ይኸው እርጥቡን ይዩት።»

«ድንጋዩ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው!» አለች ቀበሮ። «እኔ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ጥልቅ ነው።»

አህይት ገመዱን ይዛ፣ ወንዙ ከላይ ወደ ኩሬው ወደሚወድቅበት ፏፏቴ ሄደች። ጎርፍ ውኃው በሚያዘግምበት ቦታ ጠጠሩን ያራግፋል፤ ከከፍታ በሚወድቅበት ቦታ ግን ታቹን ይቆፍራል። ዘንድሮ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ከላይ ተንዶ ፏፏቴውን ወደ ግራ ገፍቶት ነበር። በዚያ በኩል ያለው አፋፍ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ማንም ዘልሎበት አያውቅም። አህይት እዚያ ቆማ ድንጋዩን ለቀቀች። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ላላ። ስትጎትተው የአንበሳውን ቁመት ሦስት እጥፍ ረጥቧል።

«መዝለል የሚቻለው ከዚህ ነው» አለች።

ቀበሮ ዓይኗ አበራ። «በጣም ጥሩ! እንግዲያው አንቺው ዝለይዋ፣ ሊቋ! ካልዘለልሽ ግን ጓዙ እዚያ ወድቋል፤ መሸከሙን ታውቂበታለሽ።»

አህይት ወደ ታች አየች። የለካ አይፈራም ያላችሁ ማን ነው? ይፈራል። ግን ገመዱ አሁንም ጥርሷ መሐል ነበር፤ እርጥቡም እውነት ነበር። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰችና እየጋለበች መጥታ ተወረወረች።

ጆሮዎቿ ወደ ላይ ተተከሉ። ነፋሱ የተገጠበ ጀርባዋን ዳሰሰው። ቧ! አፈ ጨለማ ዋጣት።

አንበሳው ወደ አፋፉ ጫፍ ተጠጋ። ጅቡ ቆጠረ፤ ከሦስት በላይ ስለማያውቅ ሦስትን ደጋገመው። ከዚያ ከጥቁሩ ውኃ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ተከትሎም ጭንቅላቷ። አህይት አናፋች! ገደሉ ድምፅዋን ተቀበለው፤ ወዲያ ማዶ ያለውም ገደል እንደገና መለሰው፤ መቶ አህዮች በአንድ ጊዜ ያናፉ እስኪመስል ድረስ።

«ታች አልነካሁም!» አለች። «ታቹን ፈልጌ አጣሁት!»

አንበሳው ከዚያው ቦታ ዘለለ። ጅቡም «እኔስ!» ብሎ ከጓዙ መሐል አጥንቱን በአፉ ነጥቆ ተከተለው። ሦስቱም ውኃው ላይ እየተንሳፈፉ ወደ ላይ አዩ።

«ቀበሮ፣ ተራሽ ነው» አለ አንበሳው።

«እኔማ እዘላለሁ፣ ጌታዬ። ብቻ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። ሲያዩኝ አፍራለሁ።»

«ቀበሮ እኮ ፈጣን ናት» አለ ጅቡ በአድናቆት። «ሁልጊዜ እኛ ከውኃው ስንወጣ እሷ ዘልላ ጨርሳ፣ ዳር ላይ ረጥባ ነው የምናገኛት። ውኃው እንኳ ቧ አይልም። እንዴት ያለች ጎበዝ!»

አንበሳው ጅቡን አየው። አህይትም ጅቡን አየችው። ቀበሮ ለምን ሁልጊዜ ከቁጥቋጦ ጀርባ እንደምታቆማት፣ ለምን ቋጠሮው እንደዚያ እንደሚበዛ ያን ጊዜ ገባት። ቀበሮ ኖራ ኖራ አንድም ቀን ዘልላ አታውቅም! እነሱ ጠልቀው እስኪወጡ በጓሮ መንገድ ወርዳ ገላዋን ትነክር ነበር፤ አፋፉ ላይ የቀረችው ብቸኛዋ ምስክር ደግሞ ታስራ ከቁጥቋጦ ጀርባ ትቆም ነበር።

«ፊታችንን አናዞርም» አለ አንበሳው። «ዝለይ።»

ቀበሮ አንድ እግሯን ዘረጋች፤ ሰበሰበች። ሌላውን ዘረጋች፤ ሰበሰበች። ከዚያም ቁጭ አለች።

«ሕጉን ያወጣው ማን ነበር?» አለ አንበሳው።

ቀበሮ ተነሥታ ጓዙ ወደ ወደቀበት ቁጥቋጦ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አህይት አራት ጊዜ ዘለለች። በሁለተኛው ላይ እየዞረች፣ በሦስተኛው ላይ እያናፋች፣ በአራተኛው ላይ ከአንበሳው ጋር ጎን ለጎን። ጅቡ ያንን አፋፍ «የአህይት አፋፍ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ጸደቀ። ወደ ቤት ሲመለሱ አህይት ባዶ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ከፊት ትሄዳለች። ቀበሮ የአንበሳውን ሰሌን ተሸክማ፣ የጅቡን አጥንት በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ዳገቱን እያለከለከች ከኋላ ትከተላለች። አንበሳው ከአህይት ጎን ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ስለዚያ የገመድ አለካክ እንደገና አስረጂኝ» ይላት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ጀግና ማለት ዓይኑን ጨፍኖ የሚወረወር ወይም ሳይዘል ዘለልኩ የሚል ሳይሆን፣ መጀመሪያ ጥልቀቱን በራሱ ለክቶ፣ ከለካ በኋላ ግን እየፈራም ቢሆን የሚዘል መሆኑን ነው።