ፊታውራሪው ያልቀመሱት ውሃ

በአንድ ቆላ አገር ገበሬውን በግብር ያስመረሩ ፊታውራሪ አምባዬ የሚባሉ ሹም ነበሩ። ወባ መንደሩን ሲፈጀው አንዲት አንደበተ ስል ሴት የኒም ቅጠል ጨምቃ፣ የትንኝ እጭ ከሚርመሰመስበት ከሹሙ ኩሬ ጨመረችው። እጩም አለቀ።

ፊታውራሪው ይህን ሲሰሙ እዚያው ኩሬው ዳር ሸንጎ ሰብስበው አቆሟት።

«ኩሬዬን መርዘሻል! በይ ከውሃው ቅጂና ጠጪ!» አሏት።

ሴትዮዋ በጣሳ ቀድታ ግጥም አድርጋ ጠጣችና አፏን ጠርጋ ቆመች።

«እጩን የፈጀ ውሃ አንቺን ያልነካሽ መተተኛ ብትሆኚ ነው! ግረፏት!»

«ኧረ መተት አላውቅም ጌታዬ» አለች። «ኒም የሚጠላው ደም መጣጭን ብቻ ነው። ካላመኑኝ ይቅመሱት!» ብላ ጣሳውን ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪውም ጣሳውን አየት አድርገው፣ «ልቀቋት፤ እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አሉ።