ደምመላሽ ሊባል የነበረው ሕፃን

ቢሆነኝ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ታላቁ ልጃቸው ዘውዱ በመስኖ ውሃ ተራ ምክንያት ከወንዝ ማዶ ካለው ከአቶ ፈንቴ ልጅ ጋር ተጣልቶ፣ በዱላ ተመትቶ ሞተ። በቦታው የነበሩት የዘውዱ ዘመዶች ጥፋቱን ሁሉ በገዳዩ ላይ አደረጉ፤ እሱም ተይዞ ተፈረደበትና ወህኒ ወረደ። ፍርዱ ግን የአቶ ቢሆነኝን አንጀት አላራሰም። የአገር ሽማግሌዎች ለእርቅ በመጡ ቁጥር የሚሰጧቸው መልስ አንድ ነበር፤ «ወንድ የልጅ ልጅ ስታቀፍ መልሴን በስሙ ትሰማላችሁ።»

ዓመታት አለፉና ታናሹ ልጃቸው ሞላልኝ ወንድ ልጅ ወለደ። ሚስቱ የሰውዘር አስተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ ስትናገር ድምጿ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል፤ አማቷ አቶ ቢሆነኝ ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል። በዚያ አገር ምራት አማቷን በስሙ አትጠራም፣ ቀና ብላ ዓይኑን አታይም፣ ካልተጠየቀችም አትናገርም። የሰውዘር ከተፈጥሮዋም ዓይነ አፋር ስለነበረች ወጉ አልከበዳትም። እንዲያውም ተደበቀችበት።

የምትደብቀው ነገር ነበራት። ዘውዱ የተመታ ቀን ወንዶቹ ቃሬዛ ሊያመጡ ሲሮጡ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የደረሰችው የሰውዘር ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ብቻዋን ከሱ ጋር ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ ዘውዱ አንድ ነገር ነገራት፤ ለአባቱ እንድታደርስለትም አደራ አላት። ከዚያ ቃሬዛው ላይ እንዳለ ሞተ። በለቅሶው ላይ ሽማግሌው «ንጹሑ ልጄ» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አየቻቸውና ዛሬስ አይሆንም አለች። አርባው ሲወጣ እነግራቸዋለሁ አለች። አርባው ወጣ፤ ሙት ዓመቱም አለፈ። በዘገየች መጠን ነገሩ እየከበዳት ሄደ። ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ሕፃኑ ክርስትና የሚነሳበት ጊዜ ሲቃረብ ቤቱ በስም ወሬ ተሞላ።

«የከተማ ስም ይዘሽ እንዳትመጪ» አሏት የባሏ እናት እመት አሰገደች፣ ሕፃኑን ቅቤ እየቀቡ። «የእህቴ ልጅ ለልጇ ያወጣችው ስም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አልገባ ብሎ ‹አንተ› እያልኩ ነው የምጠራው።»

የሰውዘር ሳቀች። «እኔም የምፈልገው ጠንካራ ስም ነው እማማ። ጎረቤቱ ሁሉ የሌለው።»

«እንግዲያማ ከሽማግሌው ጋር ተስማምታችኋል።»

አለመስማማታቸውን ያወቀችው በክርስትናው ዋዜማ ነው። ሞላልኝ ከአባቱ ዘንድ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባባ ስሙን ነገሩኝ። ደምመላሽ ነው።»

የምታጥበው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። «ልጁ እኮ ገና አንገቱን አላቀናም።»

«ስም ነው። ስም ሰው አይገድልም።»

«ማዶ ያሉት ሲሰሙትስ? እሱ ራሱ አድጎ ‹የማንን ደም ነው የምመልሰው› ብሎ ሲጠይቅህ ምን ልትለው ነው?»

ሞላልኝ መሬቱን በእንጨት ጫረ። «ለአባባ እምቢ የሚል ሰው ካለ አምጪልኝ» አለ በመጨረሻ።

የሰውዘር የወደቀውን ጨርቅ አንስታ ማጠቧን ቀጠለች። ያን ስም ማስቆም የሚችለው እሷ የያዘችው ነገር ብቻ እንደሆነ ገብቷታል። ብትናገር ደግሞ ሽማግሌው ዘውዱን ዳግመኛ የቀበሩት ያህል እንደሚያዝኑ፣ እሷንም ከዚያ በኋላ በበጎ ዓይን እንደማያዩዋት አሰበች።

በማግስቱ ሕፃኑ ተጠመቀ፤ የክርስትና ስሙንም ቄሱ ሰጡት። የሚጠራበትን ስም የሚያወጣው ግን አያት ነበር። አያት ሕፃኑን ታቅፎ እንግዳው መሃል ይቆምና ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። አንዴ ከተጠራ አይለወጥም። ዳሱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አቶ ቢሆነኝ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቆሙ፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከጓዳው በር በኩል ድምፅ ተሰማ።

«አባቴ፣ ስሙን ከመጥራትዎ በፊት ይስሙኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። የሽማግሌው ወንድም አያ መንገሻ «ምነው፣ ክፍል የገባች መሰላት እንዴ?» አሉና ዳሱን አሳቁት። የሰውዘር ግን ወደ ጓዳው አልተመለሰችም። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ተናገረች።

«ዘውዱ ሲያጣጥር አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ‹የውሃው ተራ የነሱ ነበር። ዱላም ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለአባዬ ንገሪልኝ፤ በኔ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይሞት› ነው ያለኝ።»

አያ መንገሻ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ደግሞ በሙት ላይ ምስክር ሆንሽ?»

«ተቀመጥ» አሉ አቶ ቢሆነኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አባዬ ነው ያለሽ?»

«አዎ። አባዬ ነው ያለኝ።»

ዘውዱ በሰው ፊት አባቱን ጋሼ ነበር የሚላቸው። አባዬ የሚላቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያመው ብቻ ነበር። ይህን ከሳቸውና ከእናቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ቀስ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን እስከ ዛሬ?»

«አፈርኩ። የሟቹን ስም የማጎድፍ መሰለኝ። ዛሬ ግን የሚወጣው የልጄ ስም ነው። እኔ ያላደረስኩትን አደራ እሱ በሕይወቱ እንዲከፍለው አልፈልግም። ቢያዝኑብኝም፣ ከቤትዎ ቢያስወጡኝም እችለዋለሁ።»

አቶ ቢሆነኝ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እንግዳው የያዘውን ብርጭቆ እንኳ ለማስቀመጥ ፈራ። ሕፃኑ ጋቢያቸው ውስጥ ተኝቷል። ሽማግሌው እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«አንቺ ምን ልትይው አስበሽ ነበር?»

«ገላጋይ።»

አያ መንገሻ አላስቻላቸውም። «ይሄ ደግሞ ምን ስም ነው? ጠንካራ ስም ይውጣለት አልተባለም እንዴ?»

«መንገሻ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያን ቀን አንተም ቦዩ ዳር ነበርክ። መምታት የሚችል ወንድ ሞልቶ ነበር። ሁለት ዱላ መሃል የሚገባ ግን አንድም አልተገኘም። ተገኝቶ ቢሆን ዘውዱ ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ከዚህ የጠነከረ ስም ካለህ ንገረኝ።»

አያ መንገሻ አቀረቀሩ። አቶ ቢሆነኝ ተነሱ፤ ሕፃኑን ከፍ አድርገው «ገላጋይ» ብለው ጠሩት። ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ሲጀምር ለእናቱ ሰጧትና «አዝኜብሻለሁ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይወጣልኛል። ከእንግዲህ ግን ሳልጠይቅሽም ተናገሪ።»

ወሬው ድግሱ ሳያልቅ ወንዙን ተሻገረ። አቶ ፈንቴ የሕፃኑን ስም ሲሰሙ የነገራቸውን ሰው «እስቲ ድገመው» አሉት ይባላል። እርቁ በአንድ ቀን አላለቀም። ሽማግሌዎች ብዙ ተመላልሰዋል፤ አቶ ቢሆነኝም አንዳንዴ ሽምግልናውን አቋርጠው የሚሄዱበት ቀን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁለቱ አባቶች አንድ ማዕድ ቀረቡ። የሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ሲመጣ ወደ ቦዩ ዱላ ይዞ የወረደ ሰው አልነበረም።

ሕፃን ስሙን አይመርጥም። የሰጡትን ተሸክሞ ያድጋል። ስለዚህ ለልጃችን ጠንካራ ስም ስንፈልግ፣ ያልዳነ ቁስላችንን ስም አድርገን እንዳናሸክመው እንጠንቀቅ። በእፍረት የያዝነው እውነትም እንደዚያው ነው፤ እኛ ብንችለው እንኳ ከኛ በኋላ ለሚመጣው ይተርፋል። ድምፃችን እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ብንናገረው ይሻላል።

እናንተስ ነገ አንድ ሕፃን አቅፋችሁ ስም አውጡለት ብትባሉ፣ የምታወጡለት ስም ከየትኛው ይመጣል? ትናንት ከደረሰባችሁ ነው ወይስ ለሱ ከምትመኙለት?